ቪምን እንደ ፊደል ገበታ፦ የኪቦርድ ትዕዛዞችን ሳይሸመድዱ መማር

ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ አስገራሚ ነገር ይፋ አደረገ። «ከቪም እንዴት ነው የምወጣው?» የሚለው ጥያቄ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል! ልብ በሉ፤ ሰዎቹ የቸገራቸው መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው።

ለመሆኑ ቪም ምንድነው? ጽሑፍና የፕሮግራም ኮድ የሚጻፍበት ቴክስት ኤዲተር ነው። «ሌላ ቀላል ኤዲተር እያለ ለምን እንቸገራለን?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወላይታ ሶዶ ተቀምጣችሁ ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ስትሠሩ የሚቀርብላችሁ አንድ ጥቁር ስክሪን ነው። ማውስ የለም፣ የሚጫን ምስል የለም። ሰርቨሩ ላይ ብዙ ጊዜ ተጭኖ የምታገኙት ኤዲተር ደግሞ ቪም ወይም ታላቅ ወንድሙ ቪአይ ነው። አጠቃቀሙን የማያውቅ ሰው አንዲት መስመር ለማስተካከል ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ይችላል።

ሁነታ የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ

ቪምን ከፍታችሁ ዝም ብላችሁ ብትጽፉ ፊደሎቹ አይወጡም፤ ጠቋሚው ወዲያ ወዲህ ይዘላል፣ አንዳንዱ መስመር ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ቪም «ሁነታ» ስላለው ነው። በትዕዛዝ ሁነታ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥራ ያዛል፤ በጽሑፍ ሁነታ ደግሞ እንደተለመደው ፊደል ይጽፋል። ወደ ጽሑፍ ሁነታ ለመግባት የ«አይ»ን ቁልፍ፣ ወደ ትዕዛዝ ለመመለስ «ኢስኬፕ»ን ትጫናላችሁ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላትን በስማቸው እንጠራቸዋለን።)

ይሄ እንግዳ ነገር ይመስላል እንጂ አማርኛ በኮምፒውተር ወይም በስልክ የጻፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ሲሆን የ«ዲ» ቁልፍ የላቲኑን ፊደል ይጽፋል፤ አማርኛ ላይ ስታደርጉት ያው ቁልፍ «ድ» ይሆናል። ቁልፉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን እንደ ሁነታው ይለያያል። በቃ፣ ሁነታ ማለት ይኸው ነው።

የሚሊዮኖቹ ጥያቄ መልስም አጭር ነው፦ መጀመሪያ ኢስኬፕ፣ ቀጥሎ ኮሎን (ሁለቱ ነጠብጣቦች)፣ ከዚያ «ኪው» እና ቃለ አጋኖ፣ በመጨረሻ ኢንተር። ይህ ሳያስቀምጥ ያስወጣችኋል። አስቀምጣችሁ ለመውጣት ከኮሎኑ በኋላ «ደብሊው» እና «ኪው» ጽፋችሁ ኢንተርን ተጫኑ።

ለምን እንዲህ ተሠራ?

ቪአይን እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ቢል ጆይ ነው፤ ያኔ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተማሪ ነበር። የሚጠቀምበት የስልክ መስመር በሰከንድ 300 ቢት ያህል ብቻ ያስተላልፍ ነበር፤ ይህም ወደ 30 ፊደል ገደማ ነው። ስክሪኑ 24 መስመር ቢኖረውና እያንዳንዱ መስመር 80 ፊደል ቢይዝ በድምሩ 1,920 ፊደል ነው። 1,920ን ለ30 አካፍሉት፤ አንዱን ገጽ ለመሙላት 64 ሰከንድ ይፈጃል! በዚህ ላይ ሰፊ ሜኑ ማሳየት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ትዕዛዞቹ አንድና ሁለት ፊደል ሆኑ። ጠቋሚውን ለማንቀሳቀስ «ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል» የተመረጡትም በዘፈቀደ አይደለም፤ ጆይ ይጠቀምበት በነበረው ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል ላይ ቀስቶቹ የተሳሉት በእነዚሁ አራት ቁልፎች ላይ ነበር።

ቪምን ደግሞ ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ አቀረበው። ሞሌናር ኡጋንዳ ውስጥ ኪባሌ በምትባል ስፍራ በበጎ ፈቃድ ሠርቷል። ቪምን በነፃ ሰጥቶ፣ ተጠቃሚው ከወደደው ለኡጋንዳ ችግረኛ ሕፃናት እንዲለግስ ጠይቋል፤ ጥሪው ኤዲተሩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ይነበባል። ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ2023 አርፏል።

ምሥጢሩ፦ ግስ ሲባዛ በስም

ብዙ ሰው ቪምን የሚያቋርጠው የትዕዛዝ ዝርዝር አትሞ መሸምደድ ሲጀምር ነው። እስቲ የፊደል ገበታን አስቡ። 33ቱን ፊደላት በ7 ድምፅ ስናባዛ 231 ሆሄ ይመጣል። በኪቦርድ ስትጽፉ ግን 231 ቁልፍ አልተማራችሁም፤ ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር ማጣመር ነው የለመዳችሁት። «ድ»ን ካወቃችሁ ዳ፣ ዲ፣ ዶ አብረው መጡ።

ቪምም እንዲሁ ነው። ሦስት ግሶች ያዙ፦ «ዲ» ማለት አጥፋ፣ «ሲ» ማለት ቀይር፣ «ዋይ» ማለት ቅዳ። ቀጥሎ አምስት ስሞች፦ «ደብሊው» እስከሚቀጥለው ቃል፣ «አይ-ደብሊው» ጠቋሚው ያረፈበት ሙሉ ቃል፣ «አይ-ፒ» ሙሉ አንቀጽ፣ የዶላር ምልክት እስከ መስመሩ መጨረሻ፣ «ትልቁ ጂ» እስከ ፋይሉ መጨረሻ። ስምንት ነገር ተማራችሁ፤ ያገኛችሁት ግን 15 ትዕዛዝ ነው። አራተኛ ግስ ስትጨምሩ 20 ይሆናል። ለምሳሌ «ጂ» ቀጥሎ «ትልቁ ዩ» የላቲን ፊደልን ወደ ትልቅ ፊደል ይቀይራል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለወላይትኛ ጽሑፍ ይሠራል፤ አማርኛ ላይ ብትሞክሩት ምንም አይለወጥም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውማ!

አሁን በእጃችሁ ሞክሩ። ቦዲቲ፣ ሶዶ፣ አረካ ብላችሁ በሦስት መስመር ጻፉ። ኢስኬፕ ተጫኑ፣ ጠቋሚውን ቦዲቲ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ «ዲ፣ ዲ፣ ፒ»። ግሱ ሲደገም «ሙሉ መስመሩን» ማለት ነው፤ «ፒ» የተነሣውን ከሥር ይለጥፋል። ሶዶ ወደ ላይ ወጣች፣ ዝርዝሩም የፊደል ተራውን ያዘ። ተሳሳታችሁ? «ዩ» የሠራችሁትን ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ግን ሊያደናግራችሁ ይችላል። በአማርኛ «ቃሉን አጥፋ» ነው የምንለው፤ ግሱ መጨረሻ ይመጣል። ወላይትኛም እንደዚሁ ነው። ቪም ግን «አጥፋ ቃሉን» ይላል። የኛን ቅደም ተከተል የሚመስልም አለ፦ «ቪ»ን ተጭናችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን ምረጡ፣ ከዚያ «ዲ»ን ተጫኑ። ለጀማሪ ይሄ ይቀላል፤ የሚጠፋውን አስቀድማችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁና።

አማርኛ ስትጽፉ የሚጠብቃችሁ ወጥመድ

የአማርኛ ኪቦርዱ እንደተከፈተ ወደ ትዕዛዝ ሁነታ ከተመለሳችሁ፣ «ዲ»ን ስትጫኑ ቪም የሚደርሰው «ድ» ነው። እሱን አያውቀውም። «ተበላሸ» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ልማድ አድርጉት፦ ኢስኬፕ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ።

ሁለተኛው፣ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር የሚያሻግረው የቅንፍ ትዕዛዝ የሚያውቀው የላቲኑን ነጥብ፣ ጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ ነው፤ በአራት ነጥባችን ላይ አይቆምም።

ደስ የሚለው ደግሞ ይኸው፦ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ብትሆኑ፣ በጽሑፍ ሁነታ ኮንትሮልና «ቪ»ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ቀጥሎ «ዩ» እና 1200 ጻፉ። «ሀ» ትወጣለች! 1201 «ሁ» ነው፣ 1202 «ሂ» ነው፣ 1362 ደግሞ «።» ነው። እነዚህ የፊደላችን የዩኒኮድ ቁጥሮች ናቸው። ተራቸው የፊደል ገበታን ስለሚከተል፣ ከኮሎን በኋላ «ሶርት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብትጽፉ ቪም የከተሞቹን ዝርዝር በራሱ በፊደል ተራ ያስቀምጠዋል።

ከየት ልጀምር?

ሊኑክስ ላይ ቪም ሲጫን ብዙ ጊዜ «ቪምቲውተር» የሚባል መለማመጃ አብሮት ይመጣል። ስሙን ተርሚናሉ ላይ ጻፉት፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ግስ ወይም አንድ ስም ብቻ ጨምሩ፣ ጣታችሁ እስኪለምደው በራሳችሁ ፋይል ላይ ተጠቀሙበት። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ቀን ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ አንዲት መስመር ማስተካከል ሲኖርባችሁ፣ ለዝግተኛ የስልክ መስመር ተብሎ የተሠራው ይህ አሮጌ ቋንቋ ያኔ ዋጋው ይታያችኋል።