ዋስ ያጣ ሰው እምነት ያጣ ነውን?

ክረምቱ አልፎ ምድር በጠራች ጊዜ፥ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ሥራ የሚበዛበት ወራት ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ እሸት ከጫካና ከጓሮ ይለቀማል፤ በየማጠቢያ ጣቢያው ይፈለፈላል፤ ከነገለባው የደረቀው ጀንፈልም በየመጋዘኑ ይከማቻል። በዚህ ጊዜ ሚዛን ላይ የሚቆም፥ ገንዘብ የሚይዝ፥ መጋዘን የሚጠብቅና መዝገብ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፥ በየቡም ሆነ በሰቃ፥ ትምህርታቸውን የፈጸሙ ወጣቶች በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው ያነባሉ። በማስታወቂያውም መጨረሻ ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር ቃል ትገኛለች፤ ይህችውም «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» የምትል ናት።

ውድ አንባብያን፥ በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምራት የወደድነው ይህችን ቃል ነው። ሰው ሥራ ለመቀጠር በመጣ ጊዜ በትምህርቱና በጠባዩ ብቻ ሳይሆን፥ በዕዳውና በዘመዶቹ ሀብት ጭምር ሊመዘን ይገባዋልን?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር አያሌ አሠሪዎች ሥራ ፈላጊው ቀድሞ የተበደረውንና የከፈለውን የሚያሳይ መዝገብ አስመጥተው ያነባሉ። ይህን የሚመለከተው የአገሪቱ ሕግ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ወጥቷል፤ አሠሪው መዝገቡን ከማየቱ በፊት የሥራ ፈላጊውን ፈቃድ በጽሑፍ እንዲቀበልም ያዛል። ይህም ለብዙዎች በቂ መስሎ አልታየም፤ ስለዚህ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ2007፥ የኒው ዮርክ ከተማም በ2015፥ ከተወሰኑ ሥራዎች በቀር አሠሪ ይህን መዝገብ እንዳይጠይቅ ከልክለዋል። በእኛ አገር ግን የነገሩ ዋና መልክ ዋስ ነው። በዚያ የሚመረመረው የሰውየው ዕዳ ሲሆን፥ በዚህ የሚመረመረው ሊከፍልለት የሚችል ዘመድ ያለው መሆኑ ነው።

በቅድሚያ ለአሠሪው ፍርድ እንስጥ። በቡና ወራት ብዙ ገንዘብ በጥቂት ሰዎች እጅ ያልፋል። ሚዛኑን በጥቂቱ ያዛባ፥ ከመጋዘን አንድ ሁለት ጆንያ ያሸሸ ሠራተኛ፥ ነጋዴውን ብቻ ሳይሆን እሸቱን በጀርባው ተሸክሞ ያመጣውን ገበሬም ይጐዳል። አሠሪው የማያውቀውን ሰው በገንዘብ ሣጥኑ ላይ ሲያስቀምጥ ቢፈራ አይፈረድበትም። ዋስ መጥራትም ትናንት የመጣ ልማድ አይደለም፤ በቀደመው የአገራችን ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ዋስ ይጠሩ ነበር።

ይሁን እንጂ ጭነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ እንመልከት። ለምሳሌ ያህል በአጋሮ የምትኖር አንዲት ወጣት በዐሳባችን እንሣል። የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን በመልካም ውጤት ፈጽማለች፤ ፈተናውንም አልፋለች። አባቷ ግን በክረምት ወራት ጎተራው በተራቈተ ጊዜ፥ ቡናው ገና በዛፍ ላይ ሳለ ከነጋዴ ተበድሮ ነበር፤ የዚያ ዓመት ዋጋ ስለ ወደቀ ዕዳውን ከፍሎ አልጨረሰም። ስለዚህ ወደ አጎቷ ትሄዳለች። አጎቷም አንገቱን ደፍቶ «ልጄ፥ አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፤ ደመወዜ ግን አስቀድሞ በሌላ ሰው ዋስትና ተይዟል» ይላታል። ሌላ ደመወዝተኛ ዘመድ የላትም። ከእርስዋ ያነሰ ውጤት ያለው፥ ነገር ግን ባለ ሱቅ አጎት ያለው ወጣት ሥራውን ይይዛል። ይህች ልጅ ምን አጠፋች? አንድ ሳንቲም እንኳ በእጇ ሳይገባ እንደ ተጠረጠረች ሆና ትመለሳለች።

በቡና አገር ዕዳ የጠባይ ምስክር ሊሆን እንደማይችል የቡናውን ዛፍ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ዛፉ አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ያሳንሳል። ገበሬው የዓመት ገቢውን በጥቂት ወራት ተቀብሎ ዐሥራ ሁለቱን ወር ሊኖርበት ይገደዳል። ዋጋውም በአጋሮ ገበያ ሳይሆን ባሕር ማዶ ይቈረጣል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የዓለም የቡና ዋጋ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ካልታየ ዝቅታ ላይ በወረደ ጊዜ፥ ትጉሁም ሰነፉም፥ ታማኙም አታላዩም በአንድነት ተጐድተዋል። በዚያን ጊዜ የተጻፈው የዕዳ መዝገብ የዓለምን ገበያ ጠባይ እንጂ የገበሬውን ጠባይ አይመሰክርም።

አባቶቻችን ባለዕዳውን ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ያስሩ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ያ ሥርዓት ቀርቷል። ነገር ግን ሰው በዕዳው ምክንያት ሥራ ከተከለከለ፥ ዕዳውን የሚከፍልበትን መንገድ ስለ ዘጋንበት፥ ያልታየ ቁራኛ አሰርንበት ማለት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 1922ም ዋስትና በግልጽ እንጂ በግምት እንዳይታሰብ፥ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተነገረም ውሉ እንዳይጸና ደንግጓል። ስለዚህ «ላጠፋው ሁሉ እኔ አለሁ» ብሎ መፈረም ልግስና ቢመስልም፥ ሕጉ የሚፈልገው ልክ ያለው ቃል ነው። የብድርን መዝገብ በተመለከተም፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የተደራጀው የብድር መረጃ ሥርዓት፥ አበዳሪው ከማበደሩ በፊት የተበዳሪውን ሁኔታ እንዲያውቅ የታሰበ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ፥ የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብና ከዚያ ዓላማ እንዳይወጣ ይፈልጋል። ለብድር የተጻፈው ለቅጥር መመዘኛ እንዳይሆን ከወዲሁ መጠንቀቅ ይበጃል።

በእኛ አስተያየት መልካሙ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ በየሰፈሩ ባለው ዕቁብ ውስጥ ይገኛል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ነገር ግን ዋሱ የሚቆመው ሰውየው በእጁ ለሚቀበለው ገንዘብ ነው፤ ልኩ ይታወቃል፤ ዕቁቡ ሲያልቅም ዋስትናው ያልቃል። የሥራ ዋስ ግን ብዙ ጊዜ ገና ላልተሠራ ጥፋት፥ ፍጻሜው ለማይታወቅ ዘመን ይታሰራል። ዕቁብተኛው ያገኘውን ፍትሕ ሥራ ፈላጊው ስለ ምን ያጣል?

እንግዲህ አሠሪዎችን የምንለምነው ይህን ነው። ዋስ ገንዘብና ንብረት ለሚይዘው እንጂ ለጽዳት ሠራተኛውና ለጸሓፊዋ አይጠየቅ። ሲጠየቅም ልኩና ዘመኑ ይጻፍ። ዋስ ላጣው ሌላ በር ይከፈትለት፦ የቀድሞ አሠሪው ወይም የመምህሩ ምስክርነት ይሰማ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ ተፈቅዷልና በዚያ ጊዜ ጠባዩ ይታይ፤ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሸጡት የታማኝነት ዋስትናም አለ። ከሁሉ በላይ፥ አንዱ የሚመዝን፥ ሌላው የሚጽፍ፥ ሦስተኛው የሚከፍል ቢሆን፥ ከብዙ ዋስ ይልቅ ይህ ሥርዓት ንብረትን ይጠብቃል።

ለቤተ ሰብም የምንለው አለን። መጽሐፈ ምሳሌ በችኮላ ዋስ ከመሆን ያስጠነቅቃል፤ መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ለባልንጀራ ዋስ መሆንን የደግ ሰው ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ በዋስትና የጠፉ ብዙዎች መኖራቸውንም አይሸሽግም። ሁለቱም አንድ ነገር ያስተምሩናል፦ ልጆቻችንን ባዶ እጃቸውን አንስደድ፤ ነገር ግን የምንፈርመውን አንብበን፥ የገንዘቡን ልክ ጠይቀን፥ ከባለቤታችን ጋር ተማክረን እንፈርም። ዋስ የቆምንላችሁ ልጆችም፥ በየቀኑ ሚዛኑን ስትይዙ፥ የአጎታችሁ ደመወዝና የልጆቹ እንጀራ በዚያው ሚዛን ላይ እንዳለ አስቡ።

ያቺ በዐሳባችን የሣልናት ልጅ በማስታወቂያው ሰሌዳ ፊት ቆማ የምታነበው ቃል፥ ምናልባት አንድ ቀን «በቂ ዋስ ወይም የመልካም ሥራ ምስክር ማቅረብ የሚችል» ተብሎ ይጻፍ ይሆናል። የሚጨመረው ጥቂት ቃል ነው፤ ለእርስዋ ግን የተዘጋ በር ይከፍትላታል።