“እኔ ቀድሜ ልሂድ”

ባልና ሚስቱ ቤታችን የመጡት በመሸ ጊዜ ነበር። እህታችን ነርስ ናት። አንድ ደላላ እንግሊዝ አገር አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ እንዳገኘላት ነግሮ፣ ለስፖንሰርሺፕ ወረቀቱ ገንዘብ ጠይቋታል። “እኔ ቀድሜ ልሂድ፤ እሱና ልጆቹ ይከተሉኛል” አለችን። ባሏ መሬት መሬቱን ያያል።

ውድ አንባቢዎች፣ ወሬው መነሻ አለው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ይህን ሥራ የሰው ኃይል ካጠረባቸው ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብታ ነበር፤ ያኔ ቤተሰብ ማስከተልም ይቻል ነበር። ከማርች 11 ቀን 2024 ጀምሮ ግን አዲስ የሚገቡ ተንከባካቢዎች የትዳር ጓደኛና ልጆች እንዳያስከትሉ ተከለከሉ። በጁላይ 22 ቀን 2025 ደግሞ ከውጭ አገር አዲስ ተንከባካቢ መቅጠሩ ራሱ ቆመ። ደላላው የሚሸጠው የተዘጋ በር ነው! ደግሞስ ወረቀቱን አሠሪው ይሰጣል እንጂ መቼ ከደላላ ይገዛል?

ለነርስ ግን መንገድ አለ፤ ቤተሰብም ይፈቀዳል። ረጅም ነው እንጂ፦ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና፣ ቅጥር፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ የተግባር ፈተና። ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ በዘመቻ እንዳይመለመልባቸው ከተባሉት አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ነርሷ ራሷ ለአሠሪው ታመለክታለች።

ይህን ስንነግራት ፊቷ ፈካ። እኔ ግን ባሏን አየሁትና፣ “ፈቃዱ ለእሷ ብቻ ቢሆንስ ኖሮ?” አልሁት።

“እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም” አለ።

ቀና ብላ አየችው። ቡናውን ቀዳሁላቸውና፣ ባለቤቴን ጠቅሼ ወደ ጓዳ ገባን።