የደመቀው «ሎ» ለምን ይጠፋል?

ከኩፓት ሆሊም የሚመጣ ደብዳቤ በኮምፒዩተር ሲከፈት አንድ ወጥ ጽሑፍ ይመስላል። በውስጡ ግን በምልክት የተከፋፈለ ነው፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ቀን ነው፣ ይህ ቃል ደምቆ ይታይ ይላል። ከነዚህ የምልክት አጻጻፎች አንዱ ኤክስ ኤም ኤል ይባላል። የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከ2007 ወዲህ ዎርድ በሚባለው ፕሮግራም የሚጻፉ ደብዳቤዎችም በአብዛኛው የሚቀመጡት በዚሁ ነው።

ችግር የሚመጣው ደብዳቤው ወደ ሌላ መልክ፣ ለምሳሌ ወደ ስልክ መልእክት ሲለወጥ ነው። «ሎ ላካሃት ኢም ኦሄል» የሚል የመድኃኒት ማሳሰቢያ እንውሰድ፤ «ከምግብ ጋር አይውሰዱ» ማለት ነው። በአማርኛ «አይ» ከግሱ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል። በዕብራይስጥ ግን «ሎ» ለብቻው የቆመ ቃል ስለሆነ ጸሐፊው ለይቶ ሊያደምቀው ይችላል። ያን ጊዜ «ሎ» በራሱ ምልክት ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ከምልክቱ ውጪ ይቆያል። ፕሮግራሙ «ከምልክት ውጪ ያለውን ብቻ ውሰድ» ተብሎ ከታዘዘ፣ የሚደርሰው መልእክት «ከምግብ ጋር ይውሰዱ» የሚል ይሆናል። በደንብ እንዲታይ የደመቀው ቃል በመድመቁ ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ባዶ ቦታ ነው። ፎቅ 3፣ ክፍል 12 ለማለት «3» እና «12» በየምልክታቸው ተጽፈው በመካከላቸው ክፍተት ብቻ ቢኖር፣ ፕሮግራሙ ክፍተቱን እንደ ትርፍ ነገር ሊጥለው ይችላል። ታማሚው ክፍል 312ን ሲፈልግ ይውላል።

መፍትሔው ፕሮግራሙን በሚሠራው ሰው እጅ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ እንዲነበብ፣ በምልክት ውስጥ ያለውም ውጪ ያለውም በየቦታው እንዲቀመጥ፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም እንዳይነካ ማዘዝ አለበት። ለትርጉም ሲሰጥም ዓረፍተ ነገሩ መቆራረጥ የለበትም፤ የዕብራይስጥና የአማርኛ የቃላት ቅደም ተከተል ይለያያልና።

እርስዎ ደግሞ ዋናውን ደብዳቤ አይጣሉ። በስልክ የደረሰዎት መልእክት ስለ መድኃኒት ከሆነ፣ የደመቁትን ቃላትና ቁጥሮቹን ከዋናው ጋር ያስተያዩ። ካልተስማሙ፣ መድኃኒቱን ከመውሰድዎ በፊት ዋናውን ደብዳቤ ለፋርማሲስቱ ያሳዩ።