37 ቃላት ያመጡት ዋንጫ

ጁላይ 10 ቀን 1999 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በካሊፎርኒያው ሮዝ ቦውል 90,185 ተመልካች ተቀምጦ፣ ይቅርታ፣ ቆሞ ያያል። አሜሪካና ቻይና በሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ 120 ደቂቃ ተጫውተው ግብ አልተቆጠረም። በፍፁም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂዋ ብሪያና ስከሪ የቻይናን ሶስተኛ ምት አወጣች። የመጨረሻውን ብራንዲ ቻስቴይን በግራ እግሯ መታችው፤ ገባ። መለያዋን አውልቃ ተንበረከከች። 5 ለ 4።

ያቺን ፎቶ ያላየ የኳስ አፍቃሪ ጥቂት ነው። ግን ወንዶቹ "ሶከር" እያሉ ጀርባቸውን በሰጡት አገር እነዚህ ሴቶች ከየት መጡ?

መልሱ ሜዳ ላይ ሳይሆን ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ፕሬዝዳንት ኒክሰን ጁን 23 ቀን 1972 የፈረሙት የትምህርት ሕግ "ታይትል ናይን" የሚባል ክፍል አለው። ዋናው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ ነው። ከፌዴራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ማንንም በፆታው ምክንያት ማግለል አይችልም ይላል። ስለ ስፖርት አንዲት ቃል የለውም! ከሕጉ ጀርባ ከነበሩት አንዷ፣ የሐዋይዋ የምክር ቤት አባል ፓትሲ ሚንክ፣ ሐኪም መሆን ፈልገው የሕክምና ትምህርት ቤቶች በራቸውን የዘጉባቸው ሴት ናቸው።

ግን እኮ የትምህርት ቤት ቡድንም የትምህርት ቤቱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሒሳብ ውስጥ ገቡ። በትላልቆቹ ዘንድ የወንዶች የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ብቻውን እስከ 85 ተጫዋች በነፃ ሲያስተምር ኖሯል። በሴቶች በኩል ይህን ምን ያመጣጥነዋል? ብዙ ተጫዋች የሚይዝ፣ ወጪው የማይከብድ ጨዋታ ተፈለገ። የኛው ኳስ ተገኘ። በ1971/72 በመላ አገሪቱ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ኳስ የሚጫወቱ ሴቶች 700 ነበሩ፤ በ2018/19 ከ390 ሺህ በላይ ሆኑ። ሚያ ሃም የተወለደችው ሕጉ በወጣበት በ1972 ነው። ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራት የኮሌጅ ዋንጫ በልታ ወጣች።

ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ የሚመለከተው ገንዘቡን በቀጥታ የሚያገኘውን ክፍል ብቻ ነው ብሎ ስፖርቱን ከውጪ አስቀረው። ኮንግረሱ ሬጋን አልፈርምም ያሉትን ሕግ በ1988 አፅድቆ መለሰው። ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች የትግል ቡድኖችን ሲዘጉ ደግሞ "የሴቶቹ ሕግ አጠፋን" ያሉ የትግል አሰልጣኞች በ2002 ከሰሱ፤ አልተሳካላቸውም። ለእኔ ግን ትግሉን የበላው የፉትቦሉ ድግስ ይመስለኛል።

የፕሪሚየር ሊጉ አገር እንግሊዝስ? የእግር ኳስ ማህበሯ በ1921 ሴቶችን ከአባል ክለቦቹ ሜዳ አባሮ፣ እገዳው 50 ዓመት ገደማ ቆየ። አሜሪካዊያቱ ይሄኔ ነው ያመለጡት። 1991፣ 1999፣ 2015፣ 2019፤ አራት የዓለም ዋንጫ።

አሁን የአውሮፓ ክለቦች በራቸውን ከፍተዋል። በ2023 የዓለም ዋንጫ ስዊድን አሜሪካን ከጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ዙር አሰናበተቻት። ውጤቱ? 0 ለ 0፣ በፍፁም ቅጣት ምት 5 ለ 4። በቀጣዩ ዓመት ግን አሜሪካዊያቱ ፓሪስ ላይ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፈው የኦሊምፒክ ወርቁን ወስደዋል።