ስድስቱ አምበሎች

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 2014፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ የከተማዋ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሴንት ሉዊስ ራምስን በሜዳው አስተናገደ። ለሳንቲም ዕጣው የራምስ አሰልጣኝ ጄፍ ፊሸር ስድስት አምበሎችን ወደ መሐል ሜዳ ላከ። ስድስቱም የተገኙት ዋሽንግተን ራሱ አሳልፎ በሰጠው የምርጫ ተራ ወይም ራምስ ያንኑ ለውጦ ባገኘው ተራ ነበር። ዋሽንግተን በምትኩ የወሰደው ኳርተርባክ፣ ሮበርት ግሪፊን፣ በዚያ ቀን ቋሚ ተሰላፊ እንኳ አልነበረም። ጨዋታው 24 ለ 0 በራምስ አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

ኳርተርባክ ማለት ማጥቃቱን የሚመራው፣ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር በሁለትና ሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚወስነው ተጫዋች ነው። ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶችን የሚከፋፈሉት ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ ምርጫ ነው። 32 ቡድኖች በ7 ዙር ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት ደካማ የነበረው ቅድሚያ ያገኛል። ተራን መለዋወጥም ይቻላል። በ2012 ዋሽንግተን ተራው 6ኛ ነበር። ግሪፊንን ለማግኘት ወደ 2ኛ ከፍ ሲል የዚያን ዓመት የአንደኛና የሁለተኛ ዙር ተራውን፣ በተጨማሪም የ2013 እና የ2014 የአንደኛ ዙር ተራውን ለራምስ ሰጠ።

ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ ድንቅ ነበር። ጃንዋሪ 2013 ግን ከሲያትል ጋር በተደረገ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በዚያ ቀን ለሲያትል የተሰለፈው ራስል ዊልሰን በዚያው የ2012 ድራፍት 75ኛ የተመረጠ ነው፤ በዓመቱ የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፈ። በኋላ የግሪፊንን ቦታ የወረሰው ከርክ ከዝንስም ዋሽንግተን በዚያው ዓመት 102ኛ ላይ የመረጠው ልጅ ነበር።

ታዲያ ቀድሞ መምረጥ አያዋጣም ማለት ነው? ኬድ ማሲና በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሪቻርድ ቴለር ጥያቄውን በመረጃ መርምረውታል። ቀድመው የሚመረጡ ተጫዋቾች በአማካይ የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን በአንድ የጨዋታ ቦታ ቀድሞ የተመረጠው ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው ልቆ የመገኘቱ ዕድል 52 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይርቅም። ቡድኖች ግን በዓይናቸው ከልክ በላይ ስለሚተማመኑ ለዚች ትንሽ ብልጫ እጅግ ውድ ዋጋ ይከፍላሉ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ዴቪድ ቤሪና ሮብ ሲመንስ በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀድሞ የተመረጠ ኳርተርባክ ብዙ የመሰለፍ ዕድል ያገኛል እንጂ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የግድ የተሻለ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ዘግይተው ከተመረጡት መካከል ለመሰለፍ የሚበቁት በልምምድ ሜዳ ተበጥረው የቀሩት ናቸው። በወንፊት ላይ የቀረውን ብቻ አይቶ ስለ አውድማው እህል ሁሉ መፍረድ ያሳስታል። በ2000 ቶም ብሬዲ 199ኛ ተመርጦ ሰባት ሱፐር ቦውል ማንሣቱን ሁሉም ያስታውሳል፤ በዚያው ዙር ተመርጠው ሳይሰለፉ የተሰናበቱትን የሚያስታውስ ግን የለም።

ቀድመው የሚመረጡ ተጫዋቾች ዋጋም ተለውጧል። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የስድስት ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። በ2011 ለአዲስ ተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ ሲበጅ፣ አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን ያገኘው ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ወጣት ኳርተርባክ ያለው ቡድን የተረፈውን ገንዘብ ለሌሎች ተጫዋቾች ያውላል።

ስለዚህ ቀድሞ መምረጥና ቅድሚያን መግዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኒው ዮርክ ጄትስ በ2021 በገዛ ተራው 2ኛ ላይ የመረጠው ዛክ ዊልሰን አልሆነለትም፤ ቢሆንም የመጪዎቹ ዓመታት ተራው በእጁ ነበር። ዋሽንግተን በ2024 እንደገና 2ኛ ላይ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ተራው የራሱ ነበር፤ ጄይደን ዳንኤልስን መረጠ፤ ወጣቱም በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ብቻ እስኪቀረው አደረሰው። ዳንኤልስ ተጎድቶ ቢሆን እንኳ ተጋጣሚ ቡድን ወደ መሐል ሜዳ የሚልካቸው ስድስት አምበሎች አይኖሩም ነበር።