ሸረሪት አልሸናችባትም፦ ስለ ቆዳችን የሚባለውና እውነታው

አክስቴ ላይ ከጡቷ ሥር ተነሥቶ በአንድ ጎኗ ወደ ጀርባዋ የሚዞር፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣባት፣ ሊጠይቋት የመጡት ሁሉ ፍርዳቸው አንድ ነበር፦ «ተኝታ ሳለች ሸረሪት ሸንታባት ነው።» ቅጠል ተወቅጦ ተለጠፈላት። ሐኪም ዘንድ የደረሰችው በዘጠነኛው ቀን ነው። ሽፍታው ብዙም ሳይቆይ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን ለወራት ከረመ። ነጠላዋ ሲነካት እንኳ እሳት እንደነካት ትሸማቀቅ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የማውቀው የበሽታውን ስም ብቻ ነው፤ አልማዝ ባለጭራ።

አልማዝ ባለጭራ ከሸረሪት ጋር ዝምድና የለውም። የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ የሚያስወጣው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ በአከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ አሸልቦ ዓመታት ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነቃና የአንዱን ነርቭ መንገድ ተከትሎ ቆዳ ላይ ይወጣል። ጭራ የመሰለውም፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች መልኩን በትክክል አይተውታል፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። በእኔ ግምት ደግሞ ለስሕተቱ መነሻ የሆነች አንዲት ነፍሳት ሳትኖር አትቀርም። በምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ወራት መብራት ተከትላ ወደ ቤት የምትገባ ቀጭን ጥንዚዛ አለች፤ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ፈሳሿ በመስመር የተዘረጋ፣ የሚያቃጥል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። አሲክሎቪርና መሰሎቹ መድኃኒቶች በደንብ የሚጠቅሙት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ቅጠሉ ራሱ አክስቴን አልጎዳት ይሆናል፤ እነዚያን ሦስት ቀናት ግን ወሰደባት። ሽፍታው ግንባር ላይ፣ ዐይን አጠገብ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣማ አንድ ሌሊት ማሳደር አይገባም፤ የዐይን ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። ወጣት ሰው ላይ ሲወጣ ሐኪሙ የኤችአይቪ ምርመራ ያዝዝ ይሆናል። ያ የሐኪሙና የታማሚው ጉዳይ ነው። ጤነኛ ሰውም ስለሚይዘው፣ ጎረቤት ሽፍታውን አይቶ ውጤት የሚያውጅበት ምክንያት የለም።

ስለ ምች የሚባለው ደግሞ ከፊሉ እውነት ነው። «ፀሐይ መታኝ፣ ምች አገኘኝ» ብሎ ከንፈሩን የሚያሳይ ሰው ብዙ ጊዜ ያለበት የከንፈር ሄርፒስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይህን የሚያመጣውን ቫይረስ ተሸክሟል። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ቫይረሱን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ በእርግጥም ኃይለኛ ፀሐይ ነው፤ ትኩሳትና ድካምም እንዲሁ። አያቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ፀሐይንና ቁስሉን ማገናኘታቸውን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል። ለምች የሚታሸው የዳማከሴ ሽታም ለእኔ የልጅነት ቤቴ ሽታ ነው። ነገር ግን ምች ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ በየቤቱ አይነገርም። ከንፈሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው አራስ ቤት ገብቶ ጨቅላውን መሳም የለበትም፤ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቫይረሱ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ይህን ለአራስ ጠያቂ መናገር ይከብዳል፤ ቢከብድም መነገር አለበት።

ለምጽ ላይ ስንደርስ ጉዳቱ ከቆዳው ይልቅ ከቃሉ ይመጣል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ ከሰፈር የሚያስወጣ ደዌ ነው። እኛ ዛሬ ለምጽ የምንለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት በስሕተት ሲያጠቃቸው የሚመጣ መንጣት። አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በትዳር ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። የሥጋ ደዌ ሌላ ነው፤ ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ የሚያመጣው። ልዩነታቸውን በመንካት መለየት ይጀመራል፤ ለምጽ ወተት መስሎ ቢነጣም ሲነኩት ይሰማል፣ የሥጋ ደዌ ምልክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ያለና የደነዘዘ ነው። የደነዘዘ ምልክት ያየ ሰው በቶሎ መታየት አለበት፤ የሥጋ ደዌ መድኃኒት በዓለም ዙሪያ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን ታማሚውን ያድነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ለዚሁ ሥራ የተነሣ ነው፤ ዛሬ የማንኛውም የቆዳ ታማሚ መዳረሻ ሆኗል። ለምጽ ያለባትን ልጅ «ማን ያገባታል» ብለው በፊቷ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ለዚያ መድኃኒት የሚያስፈልገው ለእሷ አይመስለኝም።

እንግዲህ ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «ይህ ክሬም ያጠራል፤ በሳምንት ለውጡን ታዪዋለሽ» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ያለ ጽሑፍ በትንሽ ዕቃ ተከፋፍለው ከሚሸጡት ፊት የሚያነጡ ክሬሞች ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ የደም ሥር ያጠባል፣ እብጠት ያበርዳል፣ ቀለም ያሳሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቡግሩ ይረግፋል፣ ፊቱ ይወዛል፣ ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ሌላ ዓይነት ቡግር ይወርዳል። ስታቆመው ፊቷ ቀልቶ ይነድዳል። ያኔ «ክሬሙ ሲቀር ነው የታመምኩት» ብላ ትመለስበታለች። ክሎቤታሶል መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪም ለከባድ የቆዳ ሕመም ያዝዘዋል፣ በጥቅሉ ከሁለት ሳምንት እንዳያልፍና ፊት ላይ እንዳይቀባ እያሳሰበ። እኛ ያን ነው ፊት ላይ ለዓመት የምንቀባው። የታመመችውንም «ማን ቀቢ አለሽ» ማለት አይረዳትም፤ በድንገት ከማቆም ይልቅ ክሬሙን ይዛ ወደ ቆዳ ሐኪም እንድትሄድ አብሮ መሄድ ይረዳታል።

በእነዚህ ክሬሞች የሚገኘው ሁለተኛው አደገኛ ነገር ሃይድሮኪኖን ነው። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ለማንጣት የተገዛው ክሬም ጉንጭን ሰማያዊ ወደ ጥቁር በሚያደላ ቀለም ያጠቁራል፤ ያም በቀላሉ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ከቆዳ ማንጫዎች ውስጥ አስወጥቶታል፤ አሜሪካም ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አድርጋለች። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከተቀባው ሰው ትራስና ፎጣ አልፎ ሕፃኑ ዘንድ ይደርሳል። ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ስብሰባ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወስነዋል። ገበያው ግን ስብሰባውን አልሰማም። አንድ ምልክት ልንገራችሁ፦ ክሬሙ ላይ «ወርቅና ብር እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል። የአንገት ሐብሏን አውልቃ የምትቀባውን ክሬም ጡት የምታጠባ እናት ልትቀባው አይገባም፤ ማንም ሊቀባው አይገባም።

ብዙዎች ወደነዚህ ክሬሞች የሚሄዱት በማድያት ምክንያት ነው። ማድያትን የእርግዝናና የወሊድ መከላከያ ሆርሞኖች ይጀምሩታል፣ በቤተሰብም ይወርዳል፤ የሚያጠቁረው ግን ብርሃን ነው። «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ጥቁር ቆዳ በእርግጥም የራሱ ጥላ አለው፤ ያ ጥላ ግን የማያልቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማቃጠሉ አይሰማንም። ስስ ደመናም አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ማድያት ላለበት ሰው ባለ 30ና ከዚያ በላይ ቁጥር የፀሐይ መከላከያ፣ በተለይም የቆዳ ቀለም ያለበት ዓይነት፣ ከማንኛውም ማንጫ ይቀድማል፤ የሚታየው ብርሃንም ማድያትን ስለሚያባብስ ቀለሙ እሱንም ይጋርዳል። መግዛት ላልቻለ ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላ አለ። የእናቶቻችን ጃንጥላ የቆዳ ሕክምና ነበረች።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ጠባሳም ይተዋል። ቫዝሊን አያጠቁርም፤ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ቢቀባ ከብዙ ውድ ክሬም ይሻላል። ቡግር የቆሻሻ ምልክት ስላልሆነ መፈግፈጉ ያባብሰዋል። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለው ቦታ ላይ ኮልጌት፣ ሊጥ፣ ቅቤ አይደረግም፤ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይይዘውም የሚለውን ብዙ ሰው ያምናል። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 ገና በ36 ዓመቱ ሲሞት፣ የገደለው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መስቀል አደባባይ ተሰብስቦ 60ኛ ዓመት ልደቱን ካከበረው ሕዝብ መካከል ብዙው ኳስ ሲጫወት በደረሰበት ጉዳት ሞተ የሚለውን ወሬ ሰምቶ ይሆናል። ጥቁር ሰው ላይ ይህ ካንሰር ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታዎች፣ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር መውጣት ይወዳል። ጥቁር ሰው ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር መኖሩ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጥፍሮች ላይ ካለና ካልተለወጠ አያስፈራም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ መስመር፣ በጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ሥጋ የፈሰሰ ጥቁረት፣ ወይም ውስጥ እግር ላይ የማይድን ጥቁር ቁስል ግን ለሐኪም መታየት አለበት። ማታ የአባታችሁን እግር ስታጥቡ ውስጥ እግራቸውንም ገልብጣችሁ እዩት።