በደማምና በኸበር የመስማት ችሎታ ክሊኒኮች ምርምርን የሚያዘገየው ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ችሎታ ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር ያለባቸው ሲሆን፣ 430 ሚሊዮን ያህሉ የተሐድሶ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል። የትኛው ሕክምና ለማን እንደሚበጅ ለማወቅ ተመራማሪው ወደ ክሊኒኩ መግባት አለበት። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት ይህ መንገድ ክፍት ነው፤ አጭር ግን አይደለም።

የመጀመሪያው ደጃፍ ፈቃድ ነው። የኢማም አብዱራሕማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ በደማም፣ የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ደግሞ በኸበር ይገኛል። ከዚህ ሆስፒታል ውጭ ያሉ ታካሚዎችንም ማካተት የሚሻ ጥናት ከአንድ በላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊጠብቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም የታካሚውን መዝገብ በጥንቃቄ መያዝን ያስገድዳል። ጥበቃው ተገቢ ነው። ሆኖም የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ዓመት ማጠናቀቅ ያለበት ተማሪ በጊዜ ይጨነቃል።

በክሊኒኩ ውስጥም ጊዜ ውድ ነው። ምርመራው ድምፅ በማያስገባ ክፍል የሚካሄድ በመሆኑ፣ ለጥናት የሚጨመር እያንዳንዱ ደቂቃ ከተረኛው ታካሚ ላይ የሚቀነስ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ጥቅም ደግሞ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። በመሣሪያው የረካው ሰው ሳይመለስ ይቀራል፤ በመሳቢያ ውስጥ የጣለውም እንዲሁ፤ የሥራ ውሉ ያበቃው ሠራተኛም ወደ አገሩ ይሄዳል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው የቆዩት ተሳታፊዎች የሌሎቹን ሁኔታ አያሳዩም።

ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የቋንቋ ጉዳይ ነው። የንጹሕ ድምፅ ምርመራ ብዙ ቋንቋ አይጠይቅም፤ ታካሚው ድምፁን ሲሰማ እጁን ማንሣት ብቻ ይበቃዋል። የንግግር ምርመራ ግን ቃላትን ሰምቶ መድገምን ይጠይቃል። የቃላቱ ዝርዝር በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ ውጤቱ የአማርኛ ተናጋሪውን ጆሮ ሳይሆን የቋንቋ ችሎታውን ይለካል። ተመራማሪውም ይህን ስሕተት ለማስወገድ ሲል እንዲህ ያለውን ሰው ከጥናቱ ውጭ ያደርገዋል። በጫጫታ መካከል የሚሠራ፣ ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ በ4000 ኸርዝ አካባቢ የሚጀምርበት የውጭ አገር ሠራተኛ ከመረጃው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝርዝሩን መተርጎም መፍትሔ አይሆንም። የዓረብኛ ዝርዝር የዐይንንና የሓእን ድምፅ ይፈትናል፤ የአማርኛው ደግሞ «ከበረ»ንና «ቀበረ»ን፣ እንዲሁም ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» የሚል ፍቺ ያለውን «አለ»ን መለየት አለበት። እንዲህ ያለው ዝርዝር በቋንቋው ባለቤቶች ተመርጦ፣ በእኩል የድምፅ መጠን ተቀርጾ፣ አስቀድሞ ጤናማ ጆሮ ባላቸው ተናጋሪዎች ላይ መፈተሽ ይኖርበታል።